የዳለቻ ቁስል

በ2072 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዳለቻ ለምትባል የዐሥራ አንድ ዓመት ድመት ከሆዷ ላይ እጢ ወጣላት። ቀዶ ሕክምናው ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። የሰው እጅ አልነካትም። ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ የጠበቃት ያብስራ የሚባል የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነበር። ድመቷ የእናቱ ናት።

እናቱ ወይዘሮ ብሌን ከሦስት ቀን በፊት ወደ መሐል ሜዳ ሄደዋል። እህታቸው ወይዘሮ ሶልያና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ልጃቸውና እሳቸው አብረው ከሚኖሩበት ከአምስተኛ ፎቅ ሲወርዱ፣ ሊፍቱ ክፍት ሆኖ እየጠበቃቸው፣ ወደ ኋላ ዞረው ድመቷን አዩአት።

«በዚህ ሰዓት ትቻት መሄዴ ደስ አላለኝም» አሉ። «ግን እህቴንስ ማን ያነሳታል? ለዚህችኛዋ አንተ አለህ።»

«አለሁ እማ። ምን ያሳስብሻል?»

ሕጉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንስሳ ሲያሳድግ አብሮት የሚጠየቅ ተጠሪ እንዲኖረው ያዛል። የወይዘሮ ብሌን ተጠሪ ያብስራ ነው። ስሙ በእንስሳ ማሳደጊያ ፈቃዱ ላይ ከእሳቸው ስም ሥር ሰፍሯል።

ክሊኒኩ ድመቷን ሲያስረክበው የማጠቢያ ፈሳሽ፣ ቅባትና ጎዝ ሰጠው፤ ቁስሏን እንዳትልስም አንገቷ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ አንገትጌ አደረገላት። መመሪያው አጭር ነበር። ቁስሉ ለዐሥር ቀን ጠዋትና ማታ በሰው እጅ ይታጠባል። እጥበቱ ይቀረጻል፤ ዐሥራ ስምንት ሰከንድ ይበቃል። ቪዲዮው ለባለቤቷና ለክሊኒኩ ተቆጣጣሪ ይላካል። ሳይልክ የቀረ ሰው እንስሳውን እንደ ጣለ ይቆጠራል፤ ፈቃዱም ይሰረዛል። ተቆጣጣሪው ሰው አልነበረም።

ያብስራ ሥራውን የሚሠራው ቤቱ ውስጥ ነው። ከሚሌ ደብረ ብርሃን ያለ ሹፌር የሚመላለሱ የጭነት መኪኖችን በስክሪን ይጠብቃል። ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከተነሣ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ፈረቃው በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። የዳለቻን ቁስል አጥቦ፣ አድርቆና ቀብቶ ለመጨረስ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ኋላ ላይ ለራሱ ጊዜ አጥቼ ነው ሊል ሞክሯል። ጊዜ ግን ነበረው።

ሰኞ ማታ የመጀመሪያውን እጥበት አጠበ። ድመቷን በጭኑና በክንዱ መሃል ይዞ፣ ጎዙን አርጥቦ፣ ስፌቱን ከላይ ወደ ታች ጠረገ። ከስፌቱ ጫፍ የወጣ ፈሳሽ አውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ሙቅ ነበር። ያብስራ ከአባቱ ሞት ወዲህ የሌላ ፍጡር የሰውነት ሙቀት እጁ ላይ ተሰምቶት አያውቅም፤ ቤቱ ውስጥ የሚያጥበው፣ የሚያበስለውና የሚጠርገው ማሽን ነው። ዳለቻ ጮኸች፤ በጥፍሯም አውራ ጣቱን ከሥሩ እስከ አንጓው ድረስ ቧጨረችው።

ማክሰኞ ጠዋት ደገመው። ማክሰኞ ማታም ደገመው፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አስመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ላይ ያለውን አሟይ፣ የጎደለ ምስልና ድምፅ ፈጥሮ የሚሞላውን ፕሮግራም፣ ከፈተ።

አሟይ በዚያን ጊዜ የማይጠቀም ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሠርግ ላይ መገኘት ያልቻለ ሰው እየሳቀ እንኳን ደስ አላችሁ የሚለው፣ ለቅሶ መድረስ ያልቻለም ዓይኑ እንባ አቅርሮ የሚያጽናናው በአሟይ ነው። ነውር አይደለም። ያብስራ ሦስቱን ቪዲዮዎች ሰጠውና የቀሩትን እንዲያሟላ አዘዘው።

«ቁስሉ እንዴት ይሁን?» ሲል አሟዩ ጠየቀው። ሦስት ምርጫ ሰጠው። እንዳለ ይቆይ፣ ትንሽ ይሻለው፣ በጣም ይሻለው።

ያብስራ «ትንሽ ይሻለው» የሚለውን ነካ። ከመጠን በላይ መዋሸት አልፈለገም።

በዚያው ጠዋት የክሊኒኩ ተቆጣጣሪ «እናመሰግናለን፤ ቁስሉ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ መለሰለት። እውነተኛዋ ዳለቻ ሳሎን ውስጥ አንገትጌዋን ከወንበር እግር ጋር እያጋጨች ትዞር ነበር። ድምፁ ፈረቃው ላይ አስቸገረው። አራት ሰዓት ላይ አንገትጌውን አወለቀላት። ማታ መልሼ አደርግላታለሁ አለ፤ አላደረገላትም።

እናቱ በየማታው ከመሐል ሜዳ ይደውላሉ። ፊታቸው ግድግዳው ላይ ይመጣል፤ ከበስተኋላቸው አልጋ ላይ የተጋደሙት እህታቸው ይታያሉ።

«አየንህ እኮ ያቡ» አሉት ሐሙስ ማታ። «እንዴት አድርገህ እንደምትይዛት! እኔ እንኳ እንደዚያ አልይዛትም። እጅህ ይባረክ።»

«እንዲህ ያለ ልጅ ለእኔም በሰጠኝ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና ካሉበት። «ለእናቱ ድመት እንዲህ የሆነ ለእናቱማ ምን ሊሆን ነው!»

ያብስራ ሳቀ። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለስ አደረገ።

«አንድ ነገር ግን» አሉ እናቱ። «ሰኞ ስትነካት ትጮህ ነበር። አሁን ድምፅዋ የለም። ምነው?»

«ለመደችኛ» አላቸው።

አሟዩ ያልሠራለት፣ በገዛ አፉ የተናገረው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ነው። ሲናገረው አልተደናቀፈም። ያሳፈረውም አለመደናቀፉ ነው።

ዓርብ ዳለቻ ምግቧን ግማሹን ተወችው። ቅዳሜ አልቀመሰችም። እሑድ ከእናቱ መኝታ ክፍል አንድ ሽታ መጣ፤ እንደ ቆየ ሥጋ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ። ያብስራ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እሑድ ፈረቃ የለውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ፈረቃ መኪናዎችን አየ።

በዚያ ማታ እናቱ መሐል ሜዳ ጎረቤት ሰብስበው ነበር። ቪዲዮውን አብረው አይተውታል። አንዲት የማያውቃት ሴት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ «የተባረከ ነህ» አለችው። እሱም አሜን አላት።

ሰኞ ጠዋት ከክሊኒኩ ሁለት መልእክት ደረሰው። የመጀመሪያው የዳለቻ ቁስል ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ መዳኑንና ሰነዷ መዘጋቱን ይገልጻል። ሁለተኛው ቪዲዮዎቹ ለጥራታቸው ተመርጠው ለሌሎች ባለቤቶች ማስተማሪያ እንደሚሆኑ ይናገራል። የእንኳን ደስ አለዎት ሥዕል ነበረበት።

ማክሰኞ ከፈረቃው በፊት የእናቱን ክፍል በር ከፈተ። ድመቷ አልጋው ላይ የለችም፤ ከአልጋው ሥርም የለችም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በታጠፈው የእናቱ ጋቢ ላይ ተኝታ አገኛት። ዓይኗ ክፍት ነው። ሊያነሣት ሲሞክር ጋቢው አብሮ ተነሣ። ሆዷ ከጨርቁ ጋር ተጣብቋል። ስፌቱ ከመሃሉ ተከፍቷል፤ የቀሩትን ክሮች መግል ሸፍኗቸዋል። አልጮኸችም። አፏን ከፈተች እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

ከነጋቢው አቅፏት ወጣ። ሊፍቱ ውስጥ የነበረ ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ወደ ጥግ ሸሸ።

የክሊኒኩ በር የድመቷን ቺፕ አነበበና አልከፈትም አለ።

«ዳለቻ፤ ባለቤት ወይዘሮ ብሌን። ይህች እንስሳ ድናለች። ቀጠሮ የላትም።»

«አልዳነችም። ታማለች። እዩዋት እንጂ!»

«የሚታየው ቁስል ከሰነዱ ጋር አይገጥምም። ሰነዱ ትክክል ነው። ቺፑ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ይህች ባለቤት የሌላት እንስሳ ናት?»

ያብስራ ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ወዲያው እንደሚታከሙ ያውቃል። ከታከሙ በኋላ ወደ መጠለያ እንደሚወሰዱና ያረጁት ከዚያ እንደማይወጡም ያውቃል። እማ ስትመለስ ጠፋች እላታለሁ ብሎ አሰበ። ዳለቻ ደረቱ ላይ በጭንቅ ትተነፍሳለች።

«አዎ» አለ። «መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት።»

በሩ ተከፈተ።

መጠበቂያው ውስጥ ስድስት ሰዎች እንስሶቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት እጆች የአንዲት ድመት ሆድ ያጥባሉ። ጎዙ ከላይ ወደ ታች በእርጋታ ይወርዳል። ቁስሉ ጽዱ፣ ቀጭንና ሮዝ ነው። ድመቷ ዓይኗን ጨፍናለች። የግራ እጁ አውራ ጣት ላይ ከሥሩ እስከ አንጓው የሚደርስ ጭረት አለ። ዐሥራ ስምንት ሰከንዱ ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ጥንቸል የታቀፉ አንድ ሽማግሌ አተኩረው እያዩ በባዶ እጃቸው እንቅስቃሴውን ይለማመዳሉ።

ያብስራ ቆሞ ቀረ። ሊቀመጥ አልቻለም።

ከውስጥ አንዲት ሴት ወጣች። ዶክተር ሔራን ትባላለች፤ በዚያ ክሊኒክ ሰው የሆነች ብቸኛ ሐኪም ናት፤ የምትጠራውም ማሽኖቹ የማይስማሙበት ነገር ሲገጥማቸው ብቻ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና ወዲያው መልሳ ሸፈነችው።

«ያገኙዋት የት ነው?»

«መንገድ ላይ።»

«ከነጋቢው?»

ዶክተር ሔራን ጋቢውን የያዙትን እጆቹን አየች። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። እንደገና አውራ ጣቱን አየች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ይህ እጅ የእርስዎ ነው?» አለች፤ ወደ ግድግዳው እያሳየች።

«የእኔ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የእኔ ናቸው። ሌላውን አሟይ ነው የሠራው። ድመቷ የእናቴ ናት። መንገድ ላይ አላገኘኋትም። ካለፈው ማክሰኞ ማታ ወዲህ አላጠብኳትም።»

መጠበቂያው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሰሙት። የሰደበው የለም። ሽማግሌው ጥንቸላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ እጃቸውንም መለማመድ አቆሙ።

ዶክተር ሔራን ወደ ውስጥ አስገባችው። ማደንዘዣውና መድኃኒቱ ያሉበት ቁም ሣጥን ሰነዷ ለተዘጋ እንስሳ አይከፈትም። ባለቤት የላትም የሚለውን ቃሉን ደግሞ አሁን ሐሰት መሆኑን እያወቀች ልትጠቀምበት አልፈለገችም።

«ሰነዱን ማስከፈት የሚችሉት ባለ ፈቃዷ ብቻ ናቸው» አለችው። «ለእናትዎ ይደውሉ። መድኃኒቱን እስከ ቀትር ካላገኘች መግሉ ወደ ደሟ ይገባል።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እባክዎ ዶክተር።»

«እኔ ምን ብዬ? እኔ ያየሁት ቁስሉን ነው። የሆነውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ስልኩን አወጣ። ጥሪው ከመጀመሩ በፊት አሟዩ «ፊትዎ ተረብሿል፤ ላረጋጋው?» ሲል ጠየቀው። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ቆየ። አይሆንም የሚለውን ነካ።

እናቱ ገና እንዳዩት ደነገጡ።

«ምነው? ምን ሆነሃል? ፊትህ ምን ሆኗል?»

«እማ፣ ዳለቻ ታማለች። ክሊኒክ ነን።»

«እንዴ! እሑድ ማታ እኮ አየኋት። ድኗል ብለውህ የለም?»

«ያየሻት እሷ አይደለችም።»

«ምን ማለትህ ነው? ሞታለች?»

«አልሞተችም። እማ፣ ቪዲዮው … እኔ ያሠራሁት ነው። ካለፈው ማክሰኞ በኋላ ያለው ሁሉ። አስጠላኝ፤ ቁስሏ አስጠላኝ። አንገትጌዋንም አወለቅኩት። ምንም አላደረግኩላትም።»

ከወይዘሮ ብሌን በስተኋላ እህታቸው «ምን አለ? ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

«ለመደችኝ ያልከኝስ?» አሉት እናቱ።

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ጎረቤት ጠርቼ አሳይቼአለሁ እኮ» አሉ፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ያብስራ፣ ባለፈው ዓመት በአባትህ ሙት ዓመት ፈረቃ አለብኝ ብለህ ቀርተህ የላክህልኝ፤ ያ እያለቀስክ ስለ እሱ የተናገርከው። እሱስ?»

ያብስራ ዶክተሯን አያት። እሷ ዳለቻ ላይ አቀርቅራለች።

«እሱም እማ።»

«አስቀምጬዋለሁ እኮ» አሉ። «ሲከፋኝ እያወጣሁ አየዋለሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ስንት ጊዜ በአሟይ እንደላከው ትዝ አለውና ማውጣት አቃተው።

«ሐኪሟን አቅርብልኝ» አሉ እናቱ። ዶክተር ሔራን ስትቀርብ ሙሉ ስማቸውን ተናገሩ፤ ሰነዱ እንዲከፈት መፍቀዳቸውንም ገለጹ። «አደራ ልጄ» አሏት፤ ስልኩንም ዘጉት።

ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። የዳለቻ ልብ ስለ ደከመ ግን ሙሉ ማደንዘዣ መስጠት አልተቻለም። ዶክተር ሔራን በትንሹ አደነዘዘቻትና ያብስራ እንዲይዛት አዘዘችው። አርባ ደቂቃ ያዛት። ዶክተሯ የሞተውን ሥጋ እየቆረጠች ስታወጣ ድመቷ ድምፅዋን አገኘች። በመጀመሪያው ሰኞ የጮኸችው ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። መግሉ በእጁ ላይ እስከ ክንዱ ወረደ። የሚንቀጠቀጠው ወንበሩ እዚህ የለም፤ ስልኩ ግን ከፈረቃ መቅረቱን እየደጋገመ ነገረው።

ሲጨርሱ ዶክተር ሔራን የሆነውን ሁሉ በስሙ ጻፈችው።

«እናትዎ ጥፋት እንዳይገኝባቸው ነው የምጽፈው» አለችው። «እርስዎን ግን ከተጠሪነት ይሰርዙዎታል።»

«ይገባኛል» አለ። «ግድግዳው ላይ ያለውን ግን ያነሡት ይሆን?»

«እኔም እጠይቃለሁ» አለች። ያነሡታል አላለችም።

ወይዘሮ ብሌን በማግስቱ ቀትር ላይ ደረሱ። ልጃቸውን አልሳሙትም። ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገብተው ዳለቻ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያብስራ ውኃና ፈሳሹን ይዞ ገባ። እናቱ ድመቷን ያዙ፤ እሱ አጠበ። ማንም አልቀረጸውም። ሁለት ጊዜ ያጠበውን ቦታ ደግሞ አጠበ። ለዐሥራ ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ እንዲሁ አደረጉ። በእነዚያ ቀናት እናቱ የሚነግሩት «ቀስ»፣ «እዚህ ጋ»፣ «በቃ» የሚል ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ስለ አባቱ ሊጀምር ሲል እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

ዳለቻ ዳነች። ሆዷ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት የመዳፍ ስፋት ያለው ጠባሳ ቀረ፤ ስትራመድም በአንድ ወገን ሳብ ትላለች።

ደብዳቤው በዐሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ያብስራ ከተጠሪነት ተሰርዟል፤ እሱ በሚኖርበት ቤትም እንስሳ መኖር አይችልም። ስለ ቪዲዮው ላቀረበው አቤቱታ የተሰጠው መልስ ከሥር በአንድ መስመር ተጽፏል። ምስሉ አሠራሩን በግልጽ ስለሚያሳይ በማስተማሪያነት ይቀጥላል ይላል። ዶክተር ሔራንም ያው መልስ ደርሷት ነበር።

እናቱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እኔ እሷን አልጥልም» አሉ።

«አውቃለሁ እማ።»

የወይዘሮ ሶልያና ጎረቤት፣ ያቺ «የተባረከ ነህ» ያለችው ሴት፣ ተጠሪ ሆነችላቸው። ወይዘሮ ብሌን ልብሳቸውን በሁለት ሻንጣ ከትተው ቅዳሜ ጠዋት ድመቷን ይዘው እህታቸው ዘንድ ሊኖሩ ሄዱ። ያብስራ ሻንጣውን እስከ አውቶቡሱ ተሸከመ። የድመቷን ሣጥን ግን ራሳቸው ያዙት።

ሄደው ከተቀመጡ በኋላ አልደወሉም። ሲደውልላቸውም አላነሡም። በሦስተኛው ሳምንት አጭር ጽሑፍ ላኩለት፤ ፊትም ድምፅም የለበትም። «በስልክ የሚመጣውን አላምነውም። ጠልቼህ አይደለም» ይላል።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ያብስራ መሐል ሜዳ ሄደ፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከጣርማ በር በኋላ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ምንም አልታየውም። በሩን ሲያንኳኳ የከፈቱት እናቱ ናቸው። ደፍ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መዳፋቸውን ጉንጩ ላይ አደረጉ፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ትንሽ አቆዩት፤ ጆሮውን ነኩ፤ የፀጉሩን ሥር ዳሰሱ።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ እማ።»

«ግባ፣ ብርዱ ይገባል።»

ዳለቻ ምድጃው አጠገብ ተኝታ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ተነሣች፤ በአንድ ወገን ሳብ እያለች ከወይዘሮ ሶልያና አልጋ ሥር ገባች። ያብስራ ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። እናቱ ወንበር ሳቡለት። እሱ ግን አልጋው ፊት ለፊት፣ ድመቷ እንድታየው ራቅ ብሎ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ እዚያው ነበር። ዳለቻ አልወጣችም።

ሲወጣ እናቱ «ለእሑድ ትመጣለህ?» ብለው ጠየቁት።

«እመጣለሁ።»

«ምስል እንዳትልክ» አሉት።